የኔታ ይሁኔና አልጠፋም ያለው ፎልደር

ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ያንን ጣትህን ከፊቴ አንሣልኝ። ላፕቶፑን ሙሉቀን አቃጠለው ያለህ ማነው? ባጃጅ ነጂው ነው? እሱ የራሱ ባጃጅ ጡሩንባ ለምን እንደማይጮህ መች አወቀና! አንተ ደግሞ፣ ከኋላ ሆነህ የምትስቀው፣ «ፎልደር ማጥፋት ምን ሥራ ነው፣ ዲሊት ማለት አይደል?» ስትል ሰምቼሃለሁ። ያንን ፎልደር ብታገኘው ዲሊትህን ይዘህ ትገባበት ነበር፤ መውጫው ግን ይጠፋህ ነበር። እናንተም እትዬ፣ «ጠበል ተረጭቶበት ነው የታዘዘ» እያላችሁ የምታወሩት፣ እባካችሁ ተዉት። ጠበል ጥሩ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አላዝዘውም። እኔ እዚያው ነበርሁ። በዓይኔ አየሁ፣ በጣቴ ነካሁ። አሁን ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ለማታውቁኝ፣ ጣና ዳር አሣ ከሚጠበስበት ጎን ያለችው የቆርቆሮ ቤት የኔ ናት። በሯ ላይ «የኮምፒውተርና የሞባይል ክሊኒክ» ተጽፏል፤ ከሥሩ በቀይ ቀለም «ዋና ሐኪም ሙሉቀን» ይላል። ቀዩን ቀለም እኔው ቀባሁት። ስምንተኛ ክፍልን ደጋግሜ ብጎበኘውም አልተዋደድንም። እንግሊዝኛ አላነብም። ኮምፒውተር በእንግሊዝኛ ሲያናግረኝ «ኦኬ» የምትለዋን እጫናታለሁ፤ እስከዛሬ ኦኬ ተብሎ የተቀየመኝ ኮምፒውተር የለም። ከመሸንቲ ድረስ ላፕቶፕ ታቅፈው ይመጡብኛል። እንግዲህ ይኸን ያህል ሰው ነኝ።

ዛሬ የተጣላኋችሁ ግን ለራሴ ክብር ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለራሴም ነው። ዋናው ነገር ግን የኔታ ይሁኔ ባለፈው ክረምት አርፈዋል። ሰው ካረፈ በኋላ ታሪኩን ሁሉም እየተቀባበለ እንደ አሣ ያገላብጠዋል፤ መጨረሻ ላይ አጥንቱ ይቀራል። የኔታን የሚያህል ሰው እኔ ቁሜ አጥንት አይሆኑም።

የኔታ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ሐይቁ ዳር ካለው ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። ቁመታቸው ከመቋሚያቸው ትንሽ ያንሳል። ድምፃቸው ግን ከማዶ ይሰማል። ተማሪ ዜማውን ሲስት «ይደገም!» ይሉታል። ሳይስት ሲቀርም «ይደገም!» ይሉታል፣ እንዲጸናበት። ይቺ ልማዳቸው ከጉባኤው ወጥታ ከተማ ገባች። የቆረሶ አሣው ሲጥማቸው ለአሣ ጠባሿ «ይደገም!» ይሏታል። ባጃጅ ነጂ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋጋ ሲጠራ «ይደገም!» ይሉታል፤ ሲደግመው ራሱ ያፍራል። እኔም አንድ ቀን ሞቶ የመጣ ኮምፒውተር እንዴት እንዳስነሣሁ ስተርክላቸው እስክጨርስ ጠብቀው «ይደገም!» አሉኝ። ደገምሁት። በሁለተኛው ላይ ኮምፒውተሮቹ ሦስት ሆነው ነበር።

«አንት ሐኪም» አሉኝ፣ «ያንተ ወሬ በየደገምኸው ይወልዳል።»

ሌላ ደግሞ የሰውም የአውሬም ድምፅ አስመስሎ የማውጣት ተሰጥዖ ነበራቸው። እንደ ጉማሬ ሲያናፍሱ ቱሪስት ከጀልባ ላይ ካሜራ ያወጣል። እኔ ቤት ፎቶ ኮፒ የምትሠራ ሰናይት የምትባል ልጅ አለች፣ ዩኒቨርሲቲ ማታ ማታ የምትማር። አንድ ቀን እኔ ምሳ በልቼ ስመለስ ሰናይት ላቧ በግንባሯ እየወረደ የወረቀት ካርቶን ትጎትታለች።

«ምነው ሰናይት?»

«አሁን አንተ አይደለህ እንዴ ከጓሮ ሆነህ ‹ሰናይት፣ ካርቶኑን ወዲህ አምጪው› ያልኸኝ?»

ጓሮ ሄጄ ሳይ የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ቀናም አላሉ። ትከሻቸው ብቻ እስክስታ ይወርዳል። የኔታ ሲስቁ ፊታቸው አይስቅም ነበር፤ ሳቁ በሙሉ ትከሻቸው ላይ ነው።

አሁን ወደ ፎልደሩ። ላፕቶፑን የሰጣቸው ድሮ ያስተማሩት ልጅ ነው፣ አሁን ቢሮ የሚሠራ። ዜማቸውን እንዲቀዱበት አስቦ ነው። እሳቸውም ቀዱ፣ ዓመት ሙሉ። ላፕቶፑን እንደናንተ በቦርሳ አይዙትም፤ የድጓ መጽሐፍ በሚያዝበት የቆዳ ማኅደር ከተው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚመጡት። ባትሪው ሞቶ ነበርና ገመዱ ከሶኬት ከወጣ ወዲያው ይጠፋል። ይኸን ልብ አድርጉልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

አንድ ቀን ከከተራ በፊት፣ የአሣ ቤቱ ሰልፍ እስከ አስፋልቱ በወጣበት ሰዓት፣ የኔታ ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡ።

«አንት ሐኪም፣ ሰው አለ?»

«ሰናይት አለች።»

«እሷስ ትስማ፣ የአባቷ ልጅ ናት።» ማኅደሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «አለቃ ዛሬ ሊወስዱት ነው።»

አለቃ ቢያድግልኝ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። ቁጣቸውን ሐይቁ ራሱ ያውቀዋል። በቅዳሴ መካከል አስነጠሰ ብለው ዲያቆን ያባረሩ ሰው ናቸው። ላፕቶፑን የፈለጉት ታቦቱ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ዜማው በድምፅ ማጉያ እንዲለቀቅ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ክፋቱ «አንድ ሳይቀር ከፍቼ እሰማለሁ» ብለዋል።

«ታዲያ ይስሙት፣ የኔታ። የርስዎ ዜማ ምን ይወጣለታል?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እሳቸው አሉበት።»

«ማ?»

«አለቃ። ተማሪዎቹ ደክሟቸው ነበር፣ ላነቃቃቸው ብዬ እንደ አለቃ ዘመርሁ። በአፍንጫ። መቅጃው ክፍት ነበር።»

ሰናይት ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። እኔ ሐኪም ስለሆንሁ አልሳቅሁም። ሰውዬው ላይ የተንጠለጠለው ነገር ይታየኝ ነበር፤ ጎጆአቸው፣ ጉባኤያቸው፣ ዙሪያቸውን ያሉት ተማሪዎች ሁሉ በዚያው ደብር ግቢ ውስጥ ናቸው። አለቃ ያንን ከሰሙ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው በር ነው።

«ቀላል ነው» አልኋቸው። «ዲሊት ነው።» ከፈትሁት። አንድ ፎልደር አለ። ስሙን እዩልኝ፦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ ንዌጥን በረድኤተ እግዚአብሔር»። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ብከፍተው ውስጡ ሌላ ፎልደር፣ ስሙ ያው ነው። ውስጡ ሌላ። ውስጡ ሌላ።

«የኔታ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ደበቅሁት። ማጥፋቱን አላውቅበትም፤ አዲስ ፎልደር መፍጠሩን ግን ተማሪዎቹ አሳይተውኛል። መጽሐፍ በማኅደር ይገባል፣ ማኅደሩም በሌላ ማኅደር ይገባል። በላዩ ላይ በላዩ ላይ አለበስሁት።»

«ስሙስ?»

ተቆጡ። «ጽሕፈት ያለ በስመ አብ ይጀመራል እንዴ? አንተ ቤትህ ስትገባ በጫማህ ትገባለህ ማለት ነው!»

በጫማዬ ነው የምገባ። ወደ ሥራዬ ዞርሁ።

ዲሊት አልሁት። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ። ኦኬ አልሁት። ፎልደሩ እንዳለ ነው። አጥፍቼ አበራሁት፣ እንዳለ ነው። በአፌ እፍ አልሁበት። አንቲቫይረስ ለቀቅሁበት፤ አንቲቫይረሱ ገባ፣ ገባ፣ ገባና እዚያው ተኛ። ኋላ የመጨረሻ መድኃኒቴን አነሣሁ።

«የኔታ፣ ፎርማት ነው የሚያዋጣው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሁሉንም አጥቦ አዲስ ማድረግ።»

«ዜማውስ?»

«እሱም ይታጠባል።»

በመቋሚያው ጫፍ ጉልበቴን ቸብ አደረጉት። «አንት ወናፍ! ላንተ ለራስ ምታትም መድኃኒቱ አንገት መቁረጥ ነው?»

ዜማውን በፍላሽ ላውጣው ብልም እምቢ አሉ። ከዚህ በፊት አንድ ፍላሽ ከጀልባ ጣና ውስጥ ወድቆባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ በጣት የምትያዝን ነገር አያምኑም።

ይኼኔ ሰናይት መጥታ በትከሻዬ በኩል አየች። «ሙሌ፣ ምን እንደሚልህ አንብበኸዋል?»

«ኦኬ ብዬዋለሁ።»

«ስሙ ረዘመብኝ ነው የሚልህ። ሁሉም ስም አንድ ላይ ተደምሮ መንገዱ ረዘመ፣ ስሙን ካላሳጠራችሁ አልነካውም እያለ ነው።»

እንግዲህ እኔም ይኸን አውቀው ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስለተናገረው ነው እንጂ። ስሙን አሳጥረን እናጥፋው ስላቸው የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና ቆሙ።

«ሥላሴን ነው የማሳጥረው? በዚህ ዕድሜዬ? አብን ትቼ ወልድን ላስቀር ነው፣ ወይስ መንፈስ ቅዱስን ከደጅ ላቁም? አለቃ ያባርሩኝ! ጎጆዬም ይፍረስ! ይኸን አላደርግም።»

ማኅደሩን አነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መቋሚያው መሬቱን ቀስ እያለ ሲመታ እሰማለሁ። ከዚያ ዞር አሉ።

«አንት ሐኪም፣ ድጓ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሽፋኑን።»

«ከቃሉ በላይ ደቃቅ ፊደል አለ፤ ምልክት ይባላል። አንዲት ፊደል ናት፣ ረጅሙን ዜማ ግን ሙሉውን ተሸክማዋለች። የሚያውቅ ሰው ፊደሏን ሲያይ ዜማውን በሙሉ ያወጣዋል፣ ምንም አይጎድልም።» ተመልሰው ተቀመጡ። «‹በ› ብለህ ጻፍ። ቀሪውን እኔ በቃሌ እሞላዋለሁ።»

እናም ጀመርን። እኔ የውጭኛውን ፎልደር ስም አጥፍቼ «በ» እላለሁ፤ የኔታ ተነሥተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «በስመ አብ» ብለው እስከ «እግዚአብሔር» በዜማ ያወጡታል። ካልጨረሱ ወደሚቀጥለው አያሳልፉኝም። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሁለቱን አከታትዬ ብጽፍ «ይደገም!» ብለው መለሱኝ። ከአሣ ቤት ሰልፍ ላይ ያለው ሰው አንገቱን ማስገባት ጀመረ። ቀጥሎ ትከሻውን። የአሣ ጠባሿ ከነጭልፋዋ መጣች። በየፎልደሩ መጨረሻ ከደጅ «አሜን» ይላሉ። ባጃጆች ቆሙ። ከእኔ ክሊኒክ ውስጥ የወጣ ዜማ ያንን ያህል ሰው ይሰበስባል ብዬ አላሰብሁም፤ እኔ ስዘፍን ሰው ይበተናል።

የመጨረሻው ፎልደርም «በ» ሆነ። ውስጡ ያቺ ቀረጻ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። ፎልደሩን ላጠፋ ጣቴን ማውዙ ላይ ሳደርግ ደጅ ያለው ሰው ለሁለት ተከፈለ።

አለቃ ቢያድግልኝ ናቸው። ላፕቶፑን ሊወስዱ በባጃጅ ሲያልፉ ዜማውን ሰምተው ወረዱ።

«አንቱ የኔታ፣ ምነው በአሣ ቤት ደጅ ማኅሌት ቆሙ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጠላቶቼ የሚዋሹት። እኔ አልደነገጥሁም። ማውዙ ነው የደነገጠ። አንዴ መጫን ሲገባው ሁለቴ ተጫነ፣ ቀረጻው ተከፈተ።

አፍንጫ ውስጥ የሚንከባለል ዜማ ቤቱን ሞላው። የአለቃ ድምፅ ነው፣ ቁርጥ አለቃ። እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ አንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ማሳረፊያ ላይ ቆሞ አልወርድም አለ። ከዚያ በመሃሉ «አንተ ዲያቆን፣ ጧፉ ጢሜን ሊፈጀው ነው!» አለና ወደ ዜማው ተመለሰ።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰናይት ፎቶ ኮፒውን እንደ መሸሸጊያ አቀፈችው። እኔ የአለቃን ፊት እያየሁ በልቤ የየኔታን ጎጆ ተሰናበትሁ።

አለቃ ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አቀረቡ።

«ይኸ እኔ ነኝ!»

ወደ ሰዉ ዞሩ።

«እንዲህ ነው እንጂ ዜማ! ሰማችሁ ማሳረፊያውን? መቼ ቀዱኝ፣ የኔታ?»

የኔታ መዋሸት አይሆንላቸውም። «እንዲያው… ዘወትር ስሰማዎት ኖሬ፣ አለቃ… ተቀርጾ ቀረ።»

«ያ ዲያቆን ዛሬም አልታረመም» አሉ አለቃ፣ ደረታቸው ተነፍቶ።

እኔ ግን አንድ ነገር ታወሰኝ። ተማሪዎቹ! እዚያ ተቀምጠው ሲሰሙ የነበሩት ተማሪዎች መጨረሻው ላይ መሳቃቸው አይቀርም። ዜማው ወደ ማብቂያው ሲወርድ እግሬን ዘርግቼ ገመዱን ከሶኬት ነቀልሁት። ላፕቶፑ ጭልም።

«መብራት ሄደ» አልሁ።

አለቃ ቀና ብለው ጣሪያዬ ላይ የሚያበራውን አምፖል አዩ። ከዚያ የሰናይትን ፎቶ ኮፒ አዩ፤ እያጉረመረመ ወረቀት ይተፋል። ከዚያ እኔን አዩኝ። ላፕቶፑን በማኅደሩ ራሳቸው ከተቱና፣ «ይቺ ቀረጻ እንዳትጠፋ። ብትጠፋ ከአንተ ነው የምፈልጋት» ብለውኝ ሄዱ።

ለከተራ ታቦቱ ሐይቁ ዳር ሲወርድ ያ ዜማ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። ላፕቶፑን የያዝሁት እኔ ነኝ፣ እጄ ሶኬቱ ላይ። ሰው «የአለቃ ድምፅ እንዴት ያለ ወጣት ሆነ!» ይላል። አለቃ ከፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል። የኔታ ከኋላቸው ናቸው፤ ፊታቸው እንደ ዓርብ ስግደት የከበደ ነው፣ ትከሻቸው ግን አላረፈም። በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። እጄ ሶኬቱ ላይ፣ የኔታ ትከሻ ላይ ሳቅ።

ኋላ የኔታ ታመሙ፣ ብዙም አልቆዩ፣ አረፉ። ሐይቁ ሞልቶ መንገዱ ጭቃ ስለነበር በሸክም ነው ያደረስናቸው። ከፊት የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ይኼንንም ጠይቁ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን አለቃ ብቻቸውን ወደ ክሊኒኬ መጡ። ማኅደሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነበር፣ ልክ እንደ የኔታ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ክፈታት» አሉኝ።

ከፈትሁ። ያ ዜማ ወጣ። ዲያቆኑ ተገሠጸ፣ ጢሙ ተረፈ። ወደ ማብቂያው ሲደርስ እግሬን ቀስ ብዬ ዘረጋሁ።

«እግርህን ከሶኬቱ መልስ» አሉ አለቃ፣ ሳያዩኝ።

መለስሁ። ዜማው አለቀ። ተማሪዎቹ ፈረሱ፤ እንዴት ያለ ሳቅ ነው! አንዱ ያስለዋል፣ አንዱ መሬት ይመታል። በሳቁ መሃል የየኔታ የገዛ ድምፃቸው መጣ፣ «ዝም! ዝም በሉ፣ አለቃ ይመጣሉ!» ብለው ራሳቸው ፍርስ አሉ። የኔታ በድምፅ ሲስቁ ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው።

አለቃ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«የገዛ ድምፄን የማላውቅ መስሎህ ኖሯል?»

«አለቃ፣ እኔ…»

«ያንን ማሳረፊያ እኔ አንድ ቀን ዘልቄው አላውቅም። ትንፋሽ ያጥረኛል። ደብሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አሉ?»

«ሰው ከኋላዬ እንደሚቀልድብኝ አውቃለሁ፣ ልጄ። ሌላው ሁሉ አሳንሶ ነው የሚቀልድብኝ። እሳቸው ግን ሊቀልዱብኝ ተነሥተው እንኳ አሳምረው ዘመሩኝ። እንዲህ ያለውን ሰው በምን አፌ ላባርረው?»

ከዚያ ማኅደሩን እየደባበሱ ቀስ ብለው አሉ፣ «ይደገም።»

ደገምሁት። እግሬን ወንበሩ ሥር ቆልፌ።

እነሆ ያ ፎልደር ዛሬም አለ። ስሙ «በ» ነው። አሁን አንዴ ዲሊት ቢባል ይጠፋል፤ ያኔ ልናጠፋው ስንለፋ እምቢ ያለው፣ አሁን ማንም ሊነካው አይችልም። እስቲ ወንድ የሆነ ይሞክር! አለቃ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒኬ ውስጥ ወንበር ላይ ከነመቋሚያቸው ይቀመጣሉ።

አላመናችሁም? ሰናይት አለች፣ ተመርቃለች፣ አትዋሽም። አሣ ጠባሿ አለች፤ ያን ዕለት ከነጭልፋዋ ቆማ አሜን ብላለች፣ አሣው አርሮባታል። ባጃጅ ነጂውንም ጠይቁት፣ እሱ የሚጠላኝ፤ እሱም ቢሆን አሜን ብሏል። ሂዱ! ከሰሙት፣ ካዩት ሰዎች ጠይቁ። የነገሯችሁ አልዋጥ ካላችሁም ቆማችሁ አትከራከሩ፤ ይደገም በሏቸው።